ቦይ ከመቆፈሩ በፊት መውጫው ይታሰብ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ክረምት በተቃረበ ቁጥር በጋዜጦች ላይ ስለ ጎርፍ የሚወጣው ጽሑፍ በአብዛኛው የሚያተኩረው የከተማ ጎዳናዎችን በሚያጥለቀልቀው ውኃና በቆሻሻ በተደፈኑ የፍሳሽ ማስወገጃ ቱቦዎች ላይ ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ሆኖም በገጠር ቤት ሠርቶ፣ ጓሮ አልምቶና ከብት አርብቶ የሚኖር ሰው የሚገጥመው ችግር ከዚህ የተለየ ነው። በከተማ ውኃውን የሚቀበለውን ቦይ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ሌላ አካል ሠርቶታል። በገጠር ግን ውኃው ከየት እንደሚገባ፣ በየት በኩል እንደሚያልፍና የት እንደሚወጣ የሚወስነው ባለይዞታው ራሱ ነው፤ እርሱ ሳይወስን ከቀረ ደግሞ ጎርፉ የመሰለውን መንገድ ይይዛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው «ውኃ ካስቸገረህ ቦይ ቆፍረህ አስወጣው» የሚለው የተለመደ ምክር ግማሹ ብቻ ትክክል እንደሆነ፣ ሌላው ግማሽ ሲዘነጋም ከጎርፉ የባሰ ጉዳት እንደሚያመጣ በራሴ ይዞታ ላይ ስላየሁ ነው።

ይዞታዬ ተዳፋት ላይ ነው። ከቤቱ በላይ ሁለት ሄክታር ያህል የግጦሽ መሬት አለ፤ ከቤቱ በታች የአትክልት ቦታዬ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ደግሞ የጎረቤቴ ማሳ ይገኛል። በመጀመሪያው ክረምት ከላይ የመጣው ውኃ የቤቱን የኋላ ግድግዳ እየታከከ ስላለፈ፣ ዝናቡ ሲያባራ ዶማና አካፋ ይዤ ከቤቱ ጥግ ጀምሬ ቁልቁል ቀጥ ያለ ቦይ ቆፈርሁ። ጥልቀቱ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። በቀጣዩ ዝናብ ውኃው በቦዩ ውስጥ እየተምዘገዘገ ሲወርድ ስመለከት ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ሥራውን ቀላል አድርጌ አወራሁለት። በሁለተኛው ክረምት ማብቂያ ላይ ግን ያ ቦይ እስከ ወገቤ የሚያስገባ ቦረቦር ሆኖ ነበር፤ የታችኛው ጫፉ እየተናደ ሽቅብ፣ ወደ ቤቱ አቅጣጫ፣ መውጣት ጀምሯል፤ ከውስጡ የታጠበው አፈር ደግሞ የጎረቤቴን ማሳ ዳር በደለል አልብሶታል።

ጎረቤቴ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ቅሬታቸውን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «ልጄ፣ ይህ ውኃ ድሮም በእኔ ማሳ ላይ ያልፍ ነበር፤ አሁንም ይለፍ። አንተ ግን ተበትኖ ይመጣ የነበረውን ሰብስበህ በአንድ በኩል ለቀቅህብኝ» አሉኝ። ነገሩን ካሰላሰልሁት በኋላ እንደተረዳሁት፣ እርሳቸው በሁለት ዐረፍተ ነገር የተናገሩት ነገር የሕግ ሊቃውንት ለብዙ ዘመናት ሲከራከሩበት የኖሩት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የወጡት የሮማውያን 12ቱ ሰሌዳዎች ስለ ዝናብ ውኃ ጉዳት ድንጋጌ ነበራቸው፤ በኋላ በዳበረው የሮም ሕግም ባለ መሬቱ ሊከስስ የሚችለው ውኃው በተፈጥሮው ስለ ወረደበት ሳይሆን ጎረቤቱ በእጁ በሠራው ሥራ ምክንያት አወራረዱ ተለውጦ ጉዳት ሲያስከትልበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 640 ሁለቱንም ወገን ያስራል፤ የታችኛው ባለ መሬት በተፈጥሮው የሚወርደውን ውኃ በግድብ ሊያግድ አይችልም፣ የላይኛው ደግሞ በታችኛው ላይ ያለውን ሸክም የሚያከብድ ሥራ ሊሠራ አይችልም። እኔ ያደረግሁት ሸክሙን ማክበድ ነበር። ስለዚህ አሁን ማንም ሰው ስለ ቦይ ምክር ቢጠይቀኝ አስቀድሜ የምጠይቀው የቦዩን ጥልቀት ወይም ስፋት ሳይሆን መውጫው የት እንደሆነና እዚያ ሲደርስ ውኃው በምን ዓይነት ፍጥነት እንደሚወጣ ነው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ስለ ውኃው መጠን ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን መጠኑን እጅግ አሳንሰን እንገምታለንና። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲዘንብ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ አባዝቶ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። 120 ካሬ ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 6,000 ሊትር፣ ማለትም ስድስት ቶን የሚመዝን ውኃ፣ በአሸንዳዎቹ በኩል ይወርዳል። አሸንዳው በአራቱም የቤቱ ጥግ የሚያፈስስ ከሆነ በእያንዳንዱ የመሠረት ጥግ ላይ 1,500 ሊትር ደፋን ማለት ነው። በአንድ ሄክታር መሬት ላይ ደግሞ ያው ዝናብ 500 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ቦይ ለመሥራት ከጠቅላላው መጠን ይልቅ የሚያስፈልገው በአንድ ሰኮንድ የሚመጣው ውኃ ነው። ለዚህም አየርላንዳዊው መሐንዲስ ቶማስ መልቫኒ እ.ኤ.አ. በ1851 መሠረቱን የጣለለት ስሌት እስከ ዛሬ በትናንሽ ተፋሰሶች ላይ ይሠራበታል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የዝናቡ ብርታት በሰዓት በሚሊ ሜትር፣ የመሬቱ ስፋት በሄክታር፣ እንዲሁም ከዘነበው ውስጥ ወደ ጎርፍ የሚለወጠው ድርሻ እርስ በርሳቸው ተባዝተው ለ360 ሲካፈሉ በሰኮንድ የሚፈስሰው ውኃ በሜትር ኩብ ይገኛል። ድርሻው በደን መሬት ላይ ዝቅተኛ፣ ከብት በረጋገጠው ጠንካራ መሬት ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ደግሞ ወደ ሙሉ የተጠጋ ነው። ከቤቴ በላይ ላለው ሁለት ሄክታር በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ብርታት ያለው ዝናብ ወስጄና ድርሻውን ግማሽ አድርጌ ሳሰላው በሰኮንድ 167 ሊትር ያህል አገኘሁ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በዓይነ ሕሊናዎ ይመልከቱ፤ በእያንዳንዱ ሰኮንድ ስምንት ጀሪካን በላይ በላይ ሲደፋ እንደ ማለት ነው። ለዚህ ውኃ ነበር በአንድ ክንድ ቦይ የተጽናናሁት።

ስሌቱ ሌላም ቁም ነገር ያስተምራል። በአንድ ቦታ ላይ ጎርፉ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ከተፋሰሱ ሩቅ ጫፍ የተነሣው ውኃ እዚያ ቦታ ሲደርስና ከቅርቡ ውኃ ጋር ሲገናኝ ነው። ስለዚህ ውኃውን በላይ በኩል ባዘገየነው መጠን በታች በኩል በአንድ ጊዜ የሚደርሰው ይቀንሳል፤ ቀጥ ባለ ቦይ ባፋጠንነው መጠን ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርስና ጎርፉ ይጠነክራል። የእኔ ቦይ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ፍጥነቱን በተመለከተም ቁጥሩ ይናገራል። ሌላው አየርላንዳዊ መሐንዲስ ሮበርት ማኒንግ እ.ኤ.አ. በ1889 ባቀረበው ቀመር መሠረት በቦይ ውስጥ የሚሄድ ውኃ ፍጥነት ከቁልቁለቱ ካሬ ሥር ጋር ይጨምራል። በየ100 ሜትሩ 12 ሜትር የሚወርድ ቦይና በየ100 ሜትሩ ግማሽ ሜትር ብቻ የሚወርድ ቦይ ቅርጻቸውና የውኃቸው ጥልቀት እኩል ቢሆን፣ በመጀመሪያው ውስጥ ያለው ውኃ በአምስት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። የሚንቀሳቀስ ውኃ ጉልበት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ስለሚያድግ ልዩነቱ ከሃያ እጥፍ በላይ ይሆናል። ሣር ያልበቀለበት አፈር በሰኮንድ ከአንድ ሜትር ያነሰ ፍጥነትን እንኳ በጭንቅ ነው የሚችለው፤ ሥሩ የተያያዘ ጥሩ ሣር ሲሸፍነው ከዚያ የበለጠ ይታገሣል፤ ከዚያ በላይ ድንጋይ ያስፈልጋል።

ሁለተኛውን ሥራዬን የጀመርሁት በመመልከት ነው። በአንድ የዶፍ ቀን ጃንጥላ ይዤ፣ በሌላው እጄ የችካል እሥር አንጠልጥዬ ወደ ግጦሹ መሬት ወጣሁ። ውኃው ከሣሩ መካከል ተሰብስቦ ጅረት በሚሠራበት ቦታ ሁሉ አንድ አንድ ችካል ተከልሁ። ፀሐይ ወጥቶ መሬቱ ሲደርቅ ከቤቱ ደጃፍ ቆሜ ሳያቸው ችካሎቹ የሠሩት መስመር እኔ ከምገምተው ፈጽሞ የተለየ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ውኃ ይመጣ የነበረው ከዳገቱ ሳይሆን ከብቶች ወደ ውኃ መጠጫ ሲወርዱ ከረገጡት ጠባብ መንገድ ነበር። መንገዱ ራሱ ቦይ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ይህን በበጋ ቆሜ ብመለከት ኖሮ በፍጹም አላየውም ነበር፤ ስለዚህ ይዞታ ለመግዛት ወይም ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው ቦታውን ቢያንስ አንድ ጊዜ ዝናብ እየዘነበ እንዲያየው አጥብቄ እመክራለሁ፣ ሻጩ ባይደሰትበትም።

ከዚያ በኋላ ከቤቱ በላይ ዳገቱን አግድም የሚያቋርጥ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ሠራሁ። ከታች 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ከላይ ሰፋ እያለ የሚሄድ ጋደል ያለ ግድግዳ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በየ100 ሜትሩ ደግሞ የግማሽ ሜትር ቁልቁለት። ጋደል ያለ ግድግዳ የሚደረገው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ አፈር ሲርስ ስለሚናድ ነው። የወጣውን አፈር በታችኛው በኩል ጠቅጥቄ ክትር አደረግሁትና ሣር ዘራሁበት፤ በላይኛው በኩል ቢሆን ኖሮ ከዳገቱ የሚመጣውን ውኃ ወደ ቦዩ እንዳይገባ ያግደው ነበር፤ ይህ ስሕተት ሲሠራ አይቻለሁ።

እንዲህ ያለ ትንሽ ቁልቁለት በዓይን አይለካም። ዓይን በተዳፋት ላይ ይታለላል፤ ሽቅብ የሚሄደውን ቁልቁል ነው ብሎ ያሳያል። እኔ የተጠቀምሁት ግንበኞች የሚሠሩበትን ውኃ የተሞላ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቱቦ ነው። አንዱን ጫፍ አንድ ሰው በአንድ ችካል ላይ ይይዛል፣ ሌላውን ሌላ ሰው በ10 ሜትር ርቀት ላይ፤ ውኃው በሁለቱም ጫፍ ሲረጋ ያለ ጥርጥር እኩል ከፍታ ላይ ነው፤ ከዚያ በሁለተኛው ችካል ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ምልክት ይደረጋል። በቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ እንዳይኖር መጠንቀቅ ብቻ ነው። አንዲት ጣት የምታህል አረፋ አይቼ «ምን ታመጣለች» ብዬ ስላለፍኋት አሥር ሜትር ቦይ ሁለት ጊዜ ቆፍሬአለሁ።

ቀልባሹ ቦይ የሚያበቃው ከጎን ባለ ሣራማ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። በመውጫው ላይ ቦዩን እንዳለ ከመተው ይልቅ የመጨረሻውን ስምንት ሜትር ምንም ቁልቁለት የሌለው አድርጌ የታችኛውን ከንፈሩን በውኃ ልክ አስተካከልሁት፤ ውኃው ሲሞላ በስምንት ሜትሩ ርዝመት ሁሉ ላይ እኩል ሞልቶ ሳስቶ ወደ ሣሩ ይፈስሳል። ጎረቤቴ «ተበትኖ ይመጣ የነበረው» ያሉት ዓይነት ውኃ እንደ ገና የሚመለሰው በዚህ ነው። ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ይህች ስምንት ሜትር ናት፤ ከንፈሩ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ውኃው ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ይሰበሰብና ሌላ ቦረቦር ይጀምራልና።

በቤቱ ዙሪያ ያለው ሥራ ከዚህ ይቀልላል፤ ግን ይዘነጋል። ከግድግዳው አንሥቶ እስከ ሦስት ሜትር ድረስ መሬቱ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ቁልቁል እንዲሄድ ማድረግ የተለመደ መለኪያ ነው። ቤት ሲሠራ ከመሠረቱ ጎን የተሞላው አፈር በዓመታት ውስጥ ስለሚረጋና ስለሚሰምጥ፣ በመጀመሪያ ትክክል የነበረው ቁልቁለት ተገልብጦ ውኃውን ወደ ግድግዳው ሊመልስ ይችላል። የአሸንዳው መውረጃም ከግድግዳው ሥር ማብቃት የለበትም። ውኃውን በጋን ወይም በታንከር የሚያጠራቅም ሰው ደግሞ ታንከሩ ሲሞላ ትርፉ ወዴት እንደሚሄድ ያስብ፤ በትልቅ ዝናብ ጊዜ ታንከሩ በመጀመሪያው ሰዓት ሞልቶ ቀሪው ውኃ ሁሉ በትርፍ ማስወጫው በኩል ስለሚወርድ፣ ማስወጫው ከመግቢያው የጠበበ ሊሆን አይገባም።

ከመሬት ሥር ለሚመጣ እርጥበት በጠጠር የተሞላ ጉድባና በውስጡ የተቀበረ ባለ ቀዳዳ ቱቦ ይመከራል። ብዙዎች «የፈረንሳይ ቦይ» ይሉታል፤ ነገር ግን ከፈረንሳይ አገር ጋር ግንኙነት የለውም፤ ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ እርሻ መሬት ውኃ ማጥፈፍ መጽሐፍ ካሳተመው አሜሪካዊ የሕግ ሰው ከሄንሪ ፍሌግ ፍሬንች የመጣ ነው። በዚህ ሥራ ላይ የሠራተኛም የባለቤትም የተለመደ ስሕተት የቱቦውን ቀዳዳዎች ወደ ላይ ማዞር ነው። ከላይ የሚወርደውን ውኃ የሚቀበል ይመስላል። ውኃው ግን ጉድባውን የሚሞላው ከታች ወደ ላይ ስለሆነ ቀዳዳዎቹ ወደ ታች ካልዞሩ ቱቦው ሥራ የሚጀምረው ጉድባው ከሞላ በኋላ ነው። ጠጠሩን አፈር እንዳይገባበት በማጣሪያ ጨርቅ መጠቅለል ያስፈልጋል፤ ያለዚያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደለል ይደፍነዋል። ይህም ቦይ ቢሆን መውጫ ያሻዋል። መውጫ የሌለው የጠጠር ጉድባ ከቤት ጎን የተቆፈረ ኩሬ ነው።

አፈሩ ውኃ እንዲመጥ ታስቦ የሚቆፈር የማስረጊያ ጉድጓድም በብዙ ሰው ዘንድ መፍትሔ ሆኖ ይታያል። በአሸዋማ መሬት ላይ መልካም ነው፤ አሸዋ የቀላቀለ አፈር በሰዓት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ውኃ ሊመጥ ይችላል። ሸክላማ አፈር ግን ከጠገበ በኋላ የሚመጠው በሰዓት ከአንድ እስከ አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዋልካ መሬት ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ይህ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከቤት አጠገብ የተቆፈረ የማስረጊያ ጉድጓድ የመሠረቱን አንድ ጎን ብቻ እያራሰ ግድግዳውን ሊሰነጥቀው ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ በውኃ መሙላት፣ ከመጠጠ በኋላ እንደ ገና ሞልቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን ያህል እንደ ቀነሰ በማስመሪያ መለካት ማንም የሚችለው ፈተና ነው። ሁለተኛው ሙሌት ነው የሚቆጠረው፤ የመጀመሪያውን ደረቅ መሬት ሁሉ ይጠጣዋል።

ስለ መግቢያ መንገድ ሁለት ነገር አነሣለሁ። አንደኛው፣ መንገዱ መሐሉ ከፍ ብሎ ወደ ሁለቱም ጎን ያዘነበለ ካልሆነ የመኪና ጎማ የሠራው ጎድጓዳ መስመር ውኃውን ይዞ እስከ ታች ይወስደዋል። ሁለተኛው በመንገዱ ሥር የሚያልፈው ቱቦ ነው። ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ሁለት ትናንሽ ቱቦዎችን ጎን ለጎን ቀብሮ አንድ ትልቅ ያስቀመጠ ይመስለዋል። ከላይ በጠቀስሁት የማኒንግ ቀመር መሠረት የቱቦው ወርድ በእጥፍ ሲያድግ የሚያሳልፈው ውኃ ከስድስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ባለ 60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ የሚያሳልፈውን ለማሳለፍ ባለ 30 ሳንቲ ሜትሮቹ ስድስት ሆነው እንኳ አይበቁም። ትናንሾቹ ደግሞ በመጀመሪያው ቅርንጫፍና ቅጠል ይደፈናሉ። የቱቦው መውጫ ሥር በድንጋይ ንጣፍ ካልተሸፈነ ውኃው ጉድጓድ እየቆፈረ ወደ ኋላ ይመጣና መንገዱን ከሥሩ ያፈርሰዋል።

በድንጋይ ግንብ አፈር የደገፈ ሰው ደግሞ ከግንቡ በስተ ጀርባ ያለውን ውኃ አይርሳ። ግንብን የሚጥለው ብዙ ጊዜ አፈሩ ሳይሆን መውጫ ያጣው ውኃ ነው። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ በእያንዳንዱ የግንብ ሜትር ላይ በግማሽ ቶን ኃይል ይገፋል፤ ሁለት ሜትር ሲሆን ኃይሉ ሁለት ቶን ይደርሳል፤ ከፍታው በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ በአራት እጥፍ ያድጋልና። ከግንቡ ኋላ ጠጠር ሞልቶ በግርጌው በኩል ቀዳዳዎች መተው ይህን ሁሉ ያስቀራል።

የድሮው ቦረቦሬ አሁንም አለ። እንዲህ ያለውን ለማዳን ብዙ ሰው ከታች ድንጋይ መወርወር ይጀምራል፤ ጎርፉም ድንጋዩን ይዞት ይሄዳል። መጀመሪያ ውኃውን ከላይ ማስቀረት ያስፈልጋል፤ ቀልባሹ ቦይ ያደረገልኝ አንዱ ነገር ይህ ነው። ከዚያ በኋላ በቦረቦሩ ውስጥ በየርቀቱ የድንጋይ ክትሮች ሠራሁ፤ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር በከፍታ እኩል እንዲሆን አድርጌ። የክትሩ መሐል ከጎኖቹ ዝቅ ማለት አለበት። አለዚያ ውኃው በጎን በኩል ይዞርና ዳርቻውን እየበላ ክትሩን ብቻውን አቁሞት ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ክትሬ ዕጣ ይኸው ሆኗል። ጫፎቹም በሁለቱ ዳርቻዎች ውስጥ ተቆፍረው ሊገቡ ይገባል። ከክትሮቹ በስተ ኋላ የተጠራቀመው ደለል ላይ አሁን ሣር በቅሎበታል።

ሁለት አጫጭር ማሳሰቢያዎች ልጨምር። ከቦይ የሚወጣ ውኃ በመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም በበረት በኩል አልፎ ወደ ጉድጓድ ውኃ እንዳይደርስ አቅጣጫው ይታይ፤ መጸዳጃውና የመጠጥ ውኃ ጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራራቁ የሚለው ምክርም በጎርፍ መንገድ ላይ ለተቆፈረ ጉድጓድ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እንዲሁም በቦይ ውስጥ የተኛ ውኃ በሦስት ቀን ውስጥ መጥፋት አለበት፤ የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር አንድ ሳምንት ያህል ሊበቃት ይችላልና።

ባለፈው ክረምት ከከባድ ዝናብ በኋላ ጎረቤቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ስምንት ሜትሩ ከንፈር መጡ። ውኃው ቁርጭምጭሚት በማያርስ ጥልቀት በሣሩ መካከል እየተንሸራተተ ይወርድ ነበር፤ ምርኩዛቸውን ነክረው ጫፉን ተመለከቱ፣ ጭቃ አልያዘም። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆመው «እዚህ ጋ እየሰመጠ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ከብት ረግጦት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነበርና በማግስቱ በሣራማ አፈር ሞላሁት።

የቀረኝ ሥራ የመግቢያ መንገዱ ቱቦ ነው፤ አሁን ያለው ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት መለወጥ አለበት። ስለዚህም ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። የዝናብ ዘገባ ስታወጡ የምታትሙት የ24 ሰዓቱን ድምር ነው። 60 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ቢውል ለቱቦዬ ምንም አይደለም፤ ያው 60 ሚሊ ሜትር በአንድ ሰዓት ከወረደ ግን መንገዱን ይዞት ይሄዳል። ከድምሩ ጎን ዝናቡ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደ ወረደ ብታትሙልን፣ እኔን መሰል ቱቦ መራጮች ከግምት ትንሽ በተሻለ ነገር ላይ እንቆማለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ